የማማርረው የለኝም

ስቶርዳል፣ ሚኒሶታ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2020

ውድ ልጄ ኔልስ፣

ይህ ደብዳቤ ከባሕር ተመልሰህ፣ እግርህ ደርቆ፣ ሆድህ ጠግቦ እንዲያገኝህ እመኛለሁ። በቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ሲነገር የሚኒሶታውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ የአላስካውን እጠብቃለሁ። ሴትዮዋ ካርታው ፊት ስትቆም ክርኗ አንተ ያለህበትን ኮዲያክን ይሸፍንብኛል፤ ዞር በይልኝ እላታለሁ፣ አትሰማም። እዚህ በረዶው የኩሽናውን መስኮት ግማሽ ድረስ ቀብሮታል። ጎረቤታችን ቨርሊን ሳልጠራው በትራክተሩ እየመጣ ደጄን ይጠርግልኛል፤ ላመሰግነው ስወጣ እጁን አውለብልቦ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የፖም ኬክ ጋግሬ በሩ ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። በማግሥቱ ሳህኑ ታጥቦ የኔ በር ላይ ቆየኝ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ በኛ አገር ይኼ የጠበቀ ወዳጅነት መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

የምጽፍልህ አንድ ነገር ልለምንህ ነው። መለመን እንደማልችልበት ታውቃለህ። አባትህ ነፍሱን ይማረውና “አርዲስን እሳት ቢይዛት ውኃ የያዘ ሰው በራሱ ጊዜ እስኪያልፍ ቆማ ትጠብቃለች” ይል ነበር። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ብሄድብህ ታገሠኝ።

ግራ ትከሻዬን ታምሜያለሁ። አሁን ሳይሆን ቆይቷል፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። የጀመረኝ አንተ ልትሰናበተኝ በመጣህበት በዚያው ሳምንት፣ አባትህ በሞተ በዓመቱ ነው። ሐሙስ ዕለት፣ ቅዳሜ ለሚደረገው የቤተ ክርስቲያናችን የዓሣ እራት ቅቤ ልገዛ ከተማ ወረድኩ። ከሱቁ ጥግ ባለው ፋርማሲ የጉንፋን ክትባት ይሰጡ ነበር፤ እግረ መንገዴን ልከተብ ብዬ ገባሁ። ፋርማሲስቷ ልጅ እግር ናት፤ “ሹራብዎን ያውልቁልኝ” አለችኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፤ ከውስጥ የለበስኩት ደግሞ የአባትህን ቀዳዳ ከናቴራ ነው። “ኧረ እንዲሁ ይበቃል” ብዬ የሹራቡን አንገት ወደ ጎን ጎትቼ የትከሻዬን ጫፍ ብቻ አሳየኋት። እሷ ቆማ እኔ ተቀምጬ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አጥንቱ አጠገብ ወጋችኝ። መርፌው ገና ሲገባ ልክ አለመሆኑን አወቅኩት።

“ደህና ነዎት?” አለችኝ።

“በጣም ጥሩ፤ አመሰግናለሁ” አልኳት። ያውም ከልቤ ነው ያመሰገንኳት፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ውላለች።

ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ጡንቻ ውስጥ መግባት የነበረበት መድኃኒት ከፍ ብሎ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ነው ያስቆጣው። ክትባቱን አልወቅስም፤ ዘንድሮም ተከትቤያለሁ፣ በቀኜ፣ ሹራቤን አውልቄ። ዓርብ ጠዋት ግን የማለቢያውን መሣሪያ ልሰቅል ክንዴን ባነሳው እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ተነሥቶ አያውቅም። ፀጉሬን በአንድ እጄ አበጥራለሁ። በግራ ጎኔ መተኛት ትቻለሁ። የውስጥ ልብሴን እንዴት እንደምቆልፍ አልነግርህም፣ ወንድ ልጅ ነህ።

ላሞቹን ባለፈው የጸደይ ወራት መሸጤን ሰው ሳይነግርህ አይቀርም። አንተ ስለሄድክ አይደለም። ይህን አንብበህ እንዳትዘለው፤ አንተ ስለሄድክ አይደለም። ጠዋትና ማታ ከራሴ በላይ መስቀልና ማውረድ ስላልቻልኩ ነው። ላሟ ሶልቬግ ወደ ጭነት መኪናው አልገባም ብላ ዞራ ስታየኝ፣ ቨርሊን ኮፍያውን አውልቆ ወደ እርሻው ማየት ጀመረ። እኔም ወደ እርሻው አየሁ። ምንም አልነበረበትም።

ወደ ሕግ የገፋችኝ ላቮን ናት። ታስታውሳት የለ፣ የሐሞት ጠጠሯን በብልቃጥ ይዛ ለሰንበት ትምህርት ልጆች ያሳየችው። አንድ እሁድ ካፖርቴን ስለብስ አይታ ያዘችኝ።

“አንቺ፣ ክንድሽ ምን ሆኗል?”

“ምንም አልሆነ። እርጅና ነው።”

“እርጅና በአንድ ትከሻ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው? ከመቼ ጀምሮ ነው?” አላለቀቀችኝም። አውጣጥታ ስትሰማኝ “ለዚህ እኮ ካሣ አለው። የእህቴ ልጅ ባል ካሣውን ተቀብሏል” አለችኝ።

“እኔ ሰው አልከስም፣ ላቮን።”

“ማን ሰው ክሰሺ አለሽ? የምትከሺው መንግሥትን ነው። መንግሥት ደግሞ ሰው አይደለም።”

እውነቷን ነበር። ከእያንዳንዱ ክትባት ላይ ጥቂት ሳንቲም እየተነሣ የሚጠራቀም ገንዘብ አለ፤ እንደኔ የተጎዳ ሰው ከዚያ ነው የሚካሰው። የሚታየውም ዋሽንግተን ባለ ልዩ ፍርድ ቤት ነው። በፋርማሲዋ ልጅ ላይ ምንም እንደማይደርስባት ደጋግሜ ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ ፈረምኩ። ጠበቃዬ ሚስ ካስቲል ትባላለች። አይቻት አላውቅም፤ ሁሉ ነገራችን በስልክ ነው። ፈጣን ናት፤ እኔ “እንዴት ዋልሽ” ብዬ ሳልጨርስ እሷ ሁለት ጥያቄ ጠይቃ ሦስተኛው ላይ ትደርሳለች።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሕመሙ ከተወጋሽ በሁለት ቀን ውስጥ ጀምሮሽ ከሆነ መርፌው ነው፣ ካሣ ይገባሻል። ከዚያ ወዲህ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ በደህና ግቢ። የኔ በዚያው ዕለት ነው የጀመረኝ። ግን ማን ያውቃል? በሕክምና መዝገቤ ላይ ትከሻ የሚል ቃል የተጻፈው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ።

ክትባቱን ከወሰድኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለደም ግፊቴ ቀጠሮ ነበረኝ። ነርሷ “ዛሬ እንዴት ነን?” አለችኝ። “የማማርረው የለኝም” አልኳት። “የሚያምዎት ቦታ አለ?” አለችኝ። “ከሰው የተለየ የለም” አልኳት። ክንዴን እኮ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ነበር የተቀመጥኩት። ግን የሄድኩት ለደም ግፊት ነው። በአንድ ቀጠሮ ሁለት በሽታ ይዞ መሄድ፣ ሰው ቤት ተጋብዞ ሁለት ቁራሽ ኬክ እንደማንሣት ሆኖ ታየኝ። እሷም ወደ ኮምፒዩተሯ ዞራ “ታካሚዋ ምንም ሕመም የለባቸውም” ብላ ጻፈች።

የመንግሥት ጠበቃ አሁን የሚያነበው ይህንን ነው። ባለፈው ሁላችንንም በአንድ የስልክ መስመር አገናኝተውን ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ድምፁ ያንተን ይመስላል። “ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ በሕመምዎ አዝናለሁ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በራስዎ አንደበት ሕመም የለብኝም ብለዋል። በፍርድ ቤት ዛሬ ከሚነገረው ይልቅ ያኔ የተጻፈው ይበልጣል” አለኝ። ይኼንን ሲል ደግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ግዴለም አልኩት። ሚስ ካስቲል በኋላ ለብቻዬ ደውላ ተቆጣችኝ።

“ለምንድነው ‘ግዴለም’ ያሉት?”

“ይቅርታ ሲለኝ ምን ልበለው ታዲያ?”

“ምንም አይበሉት! ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ እስቲ አሁን ለእኔ ይንገሩኝ። ያምዎታል ወይስ አያምዎትም?”

“እንግዲህ፣ ከኔ የባሰ ስንት ሰው አለ።”



በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ግን እኛ ቤት ማን ያማርር ነበር? አያትህ ጣቱን ማጨጃው ሲቆርጠው በመሐረብ ጠቅልሎ ስንዴውን ጨርሶ ነው የገባው፤ ይህንንም እያነሣን ስናሞግሰው ኖርን። ላቮንን ግን በየእራቱ ስንስቅባት ኖርን። አሁን ሳስበው ላቮን በኔ ቦታ ብትሆን ኖሮ ካሣዋን ዓምና ተቀብላ ነበር። የሷ መዝገብ እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ወፍራም ነው፣ እያንዳንዷ ቁርጥማት ቀንና ሰዓት አላት። የኔን ሲከፍቱት ጤነኛ ሴት ናት የሚያገኙት። ያቺን ሴት እኔ ራሴ አንድ በአንድ “ደህና ነኝ” እያልኩ ነው የሠራኋት፤ አሁን መልሼ ላፈርሳት አልቻልኩም።

ሚስ ካስቲል አንድ መንገድ ቀርቷል አለችኝ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ያየኝ ሰው ካለ፣ ያየውን በቃለ መሐላ ይጻፍልኝ።

“ቅዳሜ ዕለት ከሰው ጋር ነበሩ?”

“የዓሣው እራት ነበር። ሦስት መቶ ሰው።”

“ግሩም ነው። ሰዎቹ ምን አዩ?”

“ምንም። እንዳያዩ ነው የተጠነቀቅሁት።”

የቀለጠውን ቅቤ በቀኜ ነበር የማዞረው። ድንቹን ማንሣት ሲያቅተኝ “እስቲ አንቺ ውሰጅው፣ እኔ ጨው ልፈልግ” እያልኩ አሳለፍኩ። ላቮን “እኔ እመሰክርልሻለሁ፤ ክንዷ ወልቆ ወደ ድስቱ ሲገባ አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ” አለችኝ። እሷ ግን ያን ዕለት ከላይ በሩ ጋ ትኬት ስትቆርጥ ነበር፤ ኩሽናው ወዳለበት ምድር ቤት አልወረደችም። ሐሰት በመማልሽ እግዚአብሔር ሁለተኛ ጠጠር ይጨምርልሻል ብያት ተሳሳቅን።

“ክንድዎን ይዘው ያየዎት አንድ ሰው እንኳን የለም?” አለችኝ ሚስ ካስቲል።

ያኔ ነው ከሄድክ በኋላ በመጀመሪያው ገና ደውለህ ያልከኝ ትዝ ያለኝ። “እኔ ልሰናበትሽ ስመጣ እጅሽን አጣጥፈሽ ነው ቆመሽ ያየሽኝ፣ እማ” አልከኝ። እኔም “እዚያ በረዶ ጥሏል ወይ?” አልኩህ። “ጥሏል” አልክ። ከዚያ ስለ በረዶ አወራን። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ሁሉ የምናወራው ስለ በረዶ ነው፤ በበጋም።

ያን ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና የኋላ በር ገባህ። ሴቶቹ ዓሣውን እየቀቀሉ ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ በእንፋሎት ረጥቧል። ካፖርቶቹ የተሰቀሉበት ጋ ጠራኸኝና ላሞቹን እንደማትረከብ፣ ሰኞ ወደ አላስካ እንደምትሄድ ነገርከኝ። እኔ “ይሁን እንግዲህ” አልኩ። አንተ ግን እጆችህን ዘርግተህ መጣህ። አባትህን ስንቀብር እንኳ ጎን ለጎን ቆመን ነበር፤ መተቃቀፍ የቤታችን ልማድ አይደለም። ስለዚህ ያንን ማድረግ ምን ያህል እንደከበደህ አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ የግራ ክርኔን በቀኝ እጄ ደግፌ፣ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ነበር የቆምኩት። እንዲያ ካልያዝኩት ትከሻዬ የሚገነጠል ይመስለኝ ነበር። ብታቅፈኝ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጮሃለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። አንተ እጆችህን መልሰህ ኪስህ ከተትካቸው። “እሺ እንግዲህ፣ እማ” ብለህ ወጣህ። በሩ ሲዘጋ አንዷ “ኔልስ ዓሣ ሳይበላ ሄደ እንዴ?” ስትል ሰማሁ።

ይህንን ለሚስ ካስቲል ነግሬያት ስጨርስ “ይኼ ወርቅ ነው” አለችኝ። “ትከሻው የታመመ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው ክንዱን የሚይዘው፤ ሐኪሞቹ ይመሰክራሉ። ልጅዎ ያየውን ብቻ ይጻፍ። ግን አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ ለምንድነው ያኔ ‘ትከሻዬን አሞኛል’ ያላሉት?”

“ብነግረው ይቀር ነበር” አልኳት።



አዎ፣ ትቀር ነበር። ካፖርትህን መልሰህ ሰቅለህ፣ ማታ ላሞቹን አልበህ፣ “እስኪሻልሽ” ብለህ ትከርም ነበር፤ እኔን ደግሞ አልተሻለኝም። አባትህም ለአያትህ “እስኪሻለው” ብሎ ነው የቀረው። ተናድደሽ አልነበር ወይ ብትለኝ፣ ተናድጄ ነበር። ልብህን ሳትደብቅ ስለነገርከኝ ኮርቼብህም ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሆኖብኝ ነበር፤ ከውጭ ሲታይ ግን እጇን ያጣጠፈች አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ሚስ ካስቲል አድራሻህን ስጪኝና እኔ ልጻፍለት ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ከማታውቃት ጠበቃ “እናትዎ ያላቀፈችዎት ለዚህ ነው” የሚል ወረቀት ሲመጣልህ ታየኝና አልወደድኩትም። እኔ እጽፋለሁ ብዬ ይኸው ከገና በፊት ጀምሮ እጀምራለሁ፣ እቀድደዋለሁ። ችሎቱ በኤፕሪል ነው፤ ወረቀቱ ከማርች መጨረሻ በፊት መድረስ አለበት።

አሁን ልመናዬን ልንገርህ። የምትጽፍልኝ ከሆነ ያየኸውን ጻፍ። እኔ በዚህ ደብዳቤ የነገርኩህን አትጻፍ። ያን ዕለት ያየኸው ክንዷን የምታስታምም ሴት ከሆነች እሷን ጻፋት። ያየኸው ልጇን ማቀፍ ያልፈለገች እናት ከሆነችም እሷኑ ጻፍ፤ ለኔ ብለህ በሐሰት አትማል። ሚስ ካስቲል ይህንን ብታነብ ራሷን ትይዛለች። ግን በመሐላ ፊት ያለው ያንተ ዓይን ነው፤ ያንተን ዓይን እኔ ላስተካክለው አልችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ስታይ እንደኖርክ ሳስበው ምን እንደማደርግ ይጠፋኛል። ብድግ ብዬ ሳህን አጥባለሁ።

ካሣው ምን ሊያደርግልኝ እንደሚችልም አላውቅም። ላሞቹን አይመልስም። ክንዴም ከዚህ በላይ እንደማይነሣ ሐኪሙ ነግሮኛል። ብቻ አንድ ሰው፣ የማላውቀው ዳኛም ቢሆን፣ ይኼ ነገር በእውነት ሆኗል ብሎ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስ ካስቲል አሁን በየሳምንቱ ማክሰኞ እየደወለች ታለማምደኛለች። እሷ ዳኛ ትሆናለች፣ እኔ እኔን እሆናለሁ። “እንደምን አደሩ ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ እንዴት ነዎት?” ትለኛለች። “ደህና፣ አመሰግናለሁ” እላለሁ። “እንደገና” ትለኛለች። “የማማርረው” ስል “እንደገና” ትለኛለች። እስካሁን አንድም ጊዜ አልተሳካልኝም።  ምናልባት ከማላውቀው ሰው ይልቅ አንተ ላይ ብለማመደው ይቀለኛል ብዬ አሰብኩ። በደወልክ ቁጥር “እንዴት ነሽ?” ትለኝ አልነበር? መልሱን ይኸው ዘግይቼ እሰጥሃለሁ።

ያመኛል፣ ኔልስ። ያን ዕለትም ያመኝ ነበር፣ አሁንም ያመኛል።

ጽፌው ሳበቃ ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ቨርሊን በረዶውን ጠርጎ እየወጣ ነበር፤ ምንም አልተለወጠም።

በል ልጄ፣ ባሕሩን ጸጥ የሚያሰኝ ጌታ መርከብህን ይያዝልህ። በሄድክበት ሞቅ ያለ አልጋና የሚያዳምጥህ ሰው አይንሣህ። ጓንትህን ድርብ አድርግ።

እናትህ
አርዲስ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ አብሬ አስገብቻለሁ። የሚስ ካስቲልን አድራሻ ልጽፍበት ተቀምጬ የቤታችንን ጽፌበት ተገኘሁ። ሌላ ቴምብር ስላልነበረኝ እንዲሁ ተውኩት። ለወረቀቱ ባትፈልገው ለሌላ ነገር ተጠቀምበት።